ባለ አራት እግሩ ሞተርና የእኔ ገመድ

የሰፈሩ ልጆች «እማማ፣ ያን የሞተሩን ጉዞ ንገሪንና እንጻፈው» ካሉኝ ሰነበቱ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ መንገድ ግን እወዳለሁ። እንግዲህ እናንተ ጻፉ፣ እኔ ልናገር።

ልጄ አዳነ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ አለው። ከሞተር ወድቆ ትከሻው ተሰብሮ ገና ከመዳኑ፣ «በበጋ ሜዳው ላይ የምጫወትበት ባለ አራት እግር ሞተር ልገዛ ባሕር ዳር ልሄድ ነው» አለኝ። ተው ብለውም አይሰማኝ።

«እንግዲያው አብሬህ ሄጄ እኔ እመርጣለሁ» አልሁት። የሚገድለውን እንዳይገዛ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ወደ ባሕር ዳር

ጠዋት ከመናኸሪያው በሚኒባስ ተነሣን። ሐሙሲት ላይ ሾፌሩ ሲያቆም ሸንኮራ ገዛሁ። ዋጋው አስደነገጠኝ፤ ሻጯ ግን ፊቴን አይታ አንድ አንጓ መረቀችልኝ። እሱን እየመጠጥሁ ዓባይን ተሻገርን።

የሞተር ሱቁ ውስጥ ባለ አራት እግሮቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ቀይና ረጅም፣ አንዱ ጥቁርና ዝቅ ያለ። አዳነ ዓይኑ ከቀዩ አልነቀል አለ።

«ይኸኛው ይበርራል እናቴ» አለ ባለሱቁ።

«መብረሩ አይደል ያስፈራኝ!»

እኛ በሬ ስንመርጥ ከኋላ ቆመን ነው እግሩን የምናየው። እንደዚያው ዞሬ ቆምሁ። የቀዩ እግሮች የተጠጋጉ ናቸው። ወንበሩን በሁለት እጄ ብጫነው ተወዛወዘ። ጥቁሩ ደረቱ ሰፊ፣ አቋሙ ርቱዕ ነው፤ ብጫነው ንቅንቅ አላለም።

«ጥርሱንስ አያዩለትም?» ብሎ ባለሱቁ ሳቀብኝ።

«አያለሁ እንጂ!» ብዬ ጣቴን ጎማው ላይ ሰደድሁ። «ይህ ለአስፋልት ነው፤ ለእኛ ጥቁር ዋልካ አፈር አይሆንም። ይቀየራል።»

አዳነ ቅር እያለው ጥቁሩን ገዛ።

ወረታ፣ ጋራዡ ውስጥ

በአይሱዙ ጭነን ተመለስን። ግርማ የሚሉት መካኒክ ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አገባለት፤ ሞላውን በጠንካራ ለወጠ፤ የኋላ እግሮቹን በማስረዘሚያ ብረት ይበልጥ አራራቀ፤ ከሆዱ ሥር ብረት ለበጠለት።

«አሁን ወንበሩን አስረዝምልኝ፤ እኔም እቀመጥበታለሁ» አልሁት።

«እማማ፣ እንዲህ ያለው ሞተር እኮ ለአንድ ሰው ነው።»

«እኔ ካልተቀመጥሁ እሱም አይቀመጥ! ደግሞ የምይዘው ገመድ ይኑረኝ። ስስበው ሞተሩ ቀጥ ይበል።»

ግርማና አዳነ ተያዩ። «ይሠራልዎታል» አለ ግርማ። በማግስቱ ከወንበሩ ሥር የወጣ ጠንካራ ገመድ አስጨበጠኝ። አዳነ እየነዳ ስሞክረው ሞተሩ ቀጥ አለ። ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወደ ቁሐር ሚካኤል

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያኑን ልንሳለም ወጣን። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ተገልጧል፤ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተሰማርቷል። አዳነ በዚያ ሙቀት ረጅም ጃኬቱን አላወልቅ ብሏል። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ኋላ ግን ነፋሱ ነጠላዬን ሲያውለበልበው፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ከብት ጠባቂዎቹ «አንቱ! ልጅዎን በገመድ ነው የሚነዱት?» እያሉ ጮኹ።

«ካልተነዳ ይጠፋብኛላ!» አልኋቸው።

ዋልካ ላዩ ደርቆ ሥሩ ውኃ ነው። ሣር የሸፈነው አሮጌ ቦይ ውኃው ከፊታችን ድንገት ሲያብለጨልጭ ታየኝ። ልጄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች እያየ ነበር። ገመዱን ባለኝ ጉልበት ሳብሁት። ሞተሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ አንድ እግሩ ከቦዩ በላይ ተንጠለጠለ፤ ሰፊው አቋሙ ግን ያዘን፤ አልተገለበጥንም።

ልጄ ዞሮ «እማዬ፣ አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ። አንተስ?»

«አለሁ።»

ቁሐር ሚካኤል ደርሰን ደጁን ተሳለምን። ስንመለስ አንዴም አልፈጠነ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከትከሻዬ ላይ አንድ ቁና ሸክም የወረደ መሰለኝ። ያስተማረኝም ይኸው ነው፤ የሚፈሩትን ነገር ቀርበው ከያዙት ይገራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጣራ ገዳም ድረስ ስንት መንገድ ሄደንበታል፤ ገመዱም ከእጄ ወጥቶ አያውቅ።

ከዓመታት በኋላ የአዳነ ሚስት ትርንጎ የባሏን ሱሪ ስትጠግን ደረስሁ። ወገቡ ላይ ያለው የቀበቶ ማስገቢያ ተደጋግሞ ተሰፍቷል።

«ይህን ምን ይበጥሰዋል?» አልኋት።

ሳቋ አመለጣትና ምስጢሩን ነገረችኝ። ገመዱ ከሞተሩ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም ነበር፤ ስስበው ፍሬን የሚይዘው አዳነ ራሱ ነበር። በወንበሩ ሥር አልፎ፣ በጃኬቱ ውስጥ ገብቶ፣ ከልጄ ቀበቶ ጋር ነበር የሚታሰረው።