ሞተሩ ሳይጮህ

ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ አጎታችን ነገሌ ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረቻቸው። ወንድሜን መንዳት ሲያስተምሩት ከጎኑ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን እጁ ላይ ጭነው ማርሹን አብረውት ይቀይሩ ነበር።

«ሱታ» ይሉታል በኦሮምኛ፤ «ቀስ በል። ሞተሩ እስኪጮህ አትጠብቅ፤ ሲጮህ ቤንዚን እየጠጣ ነው።»

እኔን ግን «አንቺ ከኋላ ሁኚ፣ ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ያ መዳፍ የእኔን እጅ አንድ ቀን እንኳ ማርሽ አላስያዘም። በወንድሜ እቀና ነበር፤ ዛሬም እቀናለሁ።

አጎታችን ሞተው፣ ሜጋ ከተማ ቀብረናቸው ስንመለስ ላንድሮቨሯን የነዳው እሱ ነው። ከጎኑ ባለው የአጎታችን ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ወንድሜ እያለቀሰ በሁለተኛ ማርሽ ሲነዳ ሞተሩ ጮኸ።

«ሦስተኛ አስገባ፣ እየጠጣ ነው» አልኩት ከኋላ ሆኜ።

አስገባ። በመስታወቱ እያየኝ፣ «አንቺን ደግሞ መቼ አስተማሩሽ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የማውቀውን ቅናት ሰማሁ።