የእናቴ ዓይን በብራና ላይ

እናቴ ሥዕሏን መጀመሪያ ያየች ቀን የያዘችው የወተት ዕቃ ከእጇ አምልጦ ወደቀ።

«ቱን ኤኙ? ይቺ ማናት?» ብላ በአገሯ ቋንቋም በአማርኛም አባቴ ላይ ጮኸች።

ብራናው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር የተንበረከከች፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያሏት ሴት ነበረች። አባቴ ደስ ይላታል ብሎ ስለጠበቀ ክው አለ። «አንቺ ነሻ!» አላት።

እናቴ ግን አንድ ዓይና ነበረች። ቀኝ ዓይኗን በልጅነቷ ተልተሌ በረሃ እንጨት ስትለቅም የግራር እሾህ ወስዶባታል። አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጎጃም ወደ ነገሌ የወረደ መሪጌታ ነው፤ የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያዘጋጃል፣ ይጽፋል፣ ይሥላል። እናቴን ክርስትና አስነሥቶ ነው ያገባት። ደረቷን ታማ ሳሉ ሲጠናባት የእመቤታችን ተአምር የሚነበብበት መጽሐፍ በስሟ ሊያበረክት ስለት ገባ። እንደ ወጉ መጽሐፉን ያጻፈ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ይሣላል፤ በቤተ ክርስቲያን በተነበበ ቁጥርም ስሙ ይነሣል። እናቴ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር።

«አንቱ ሰውዬ፣ እመቤታችን ይቺን ሴት አውቃ እኔን በገነት በር ላይ ብታስቀረኝስ?» አለችው። «አንዷን ዓይን ይደምስሷት።»

አባቴ አማተበ። በእሱ ሙያ ሰው ወደ ጎን ተደርጎ አንድ ዓይኑ ብቻ ከተሣለ ይሁዳ ነው፤ አለዚያም ሰይጣን። ልጅ ሆኜ ግድግዳ ላይ በከሰል ጓደኛዬን ወደ ጎን አዙሬ ሥያት «ምን በድላሽ ነው ይሁዳ ያደረግሻት?» ብሎ በመዳፉ አጥፍቶብኛል። እና የገዛ ሚስቱን ከይሁዳ ጋር ይቁጠራት? ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። ሁለቱም ግትር ነበሩ፤ እኔም በመሀላቸው ተቃጠልኩ።

በዚያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፈረንሳዊ ቤት ተከራይቶ ነበር። አባቴ ሲሥል ቆሞ ማየት ይወድ ነበርና፣ ሊሄድ ሲል አንድ መጽሐፍ ሰጠው። በሾፌሩ በኩል እንዳስረዳን፣ በውስጡ ያሉት ሥዕሎች የሀገሩ ሰዎች በጥንት ዘመን በብራና ላይ የሣሏቸው ናቸው።

አባቴ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደ ሕፃን እየሣቀ ገለጠ። ቀዩ ቀለም የእሱው ቀይ ነው፤ ሰማያዊው ግን አስቀናው። ቀጥሎ በጸሎቱ ጽሑፍ ዳር የካህን ልብስ የለበሰች ጦጣ አየ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለ። ባለመጽሐፏ ወይዘሮ ከነውሻዋ ተንበርክካለች። ውሻ! ከእመቤታችን ፊት! ከዚያ አንድ ገጽ ገለጠና መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

እመቤታችን ራሷ ወደ ሕፃኑ ዞራ ጎንበስ ብላለች። የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አባቴ መጽሐፉን እንደ ትኩስ ብረት ጣለው። እናቴ አንሥታ አቧራውን አራገፈችና ገጹን ፈልጋ አወጣች። ብዙ አየችው።

«እሷም አንድ ዓይን ናት» አለች።

«ዞራ ነው እንጂ ሁለተኛውማ አለ!» ብሎ ተቆጣ።

«እኔስ ብዞር?»

አባቴ ብራናውንና ቀለሙን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። በማግሥቱ ሥዕሉን ፍቆ አዲስ ጀመረ፤ ለእኔም ለእሷም አላሳይ አለ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት እናቴን ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። የደብሩ አለቃ መጽሐፉን ከአባቴ ተቀብለው ሽማግሌዎቹ ፊት ገለጡት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁና አንገቴን አሰገግኩ። እናቴ በደህና ዓይኗ በኩል ተሥላ ተንበርክካለች። እሱንስ ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅኩት እመቤታችንን ነው። ከፊት ለፊት መሣሏ ቀርቶ እሷም ወደ ጎን ዞራለች፤ በአንድ ዓይኗ እናቴን ታያለች።  ይህን የሣለው ያ ለከሰል ሥዕል የተቆጣው አባቴ ነው?

«መሪጌታ፣ እመቤታችንን ዓይኗን ነሷት?» አሉ አለቃው።

«አልነሳኋትም፤ ፊቷን ወደ ሚስቴ መለሰች እንጂ» አለ አባቴ።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ለሁለቱም ሁለተኛ ዓይን ይጨምሩላቸውና እንቀበላለን፤ ስማቸውም ይነሣል» አሉ። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ፤ ስሟ የሷ ነውና የምትወስነው እሷ ነበረች።

እናቴ ሳሏን ጨረሰችና «ይጨምሩ፤ ግን መጀመሪያ ይቺን የቀረችኝን ዓይን ያውጡልኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። እኔ አፌን ያዝኩ። አባቴ መጽሐፉን በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ቤት ይዞት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ራስጌዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራሱ ያነብላት ጀመር። ስሟ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እሷም ከአልጋዋ «ኤዬ፣ አለሁ» ትለዋለች።

ከፋሲካ በፊት ሞተች። ስሟ በቤተ ክርስቲያን ከዚያ መጽሐፍ አልተነሣም። በአርባዋ ማግሥት አባቴ እንደ ልማዱ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ስሟ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራና ንባቡን አቆመ። ቀና ብሎ ባዶውን አልጋ አየ። መልስ እየጠበቀ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

«ኤዬ» አልኩት፤ ንባቡን ቀጠለ።