በረዶ የወረደለት ጉድጓድ ቆፋሪ

ቡታጅራ በነርስነት በተቀጠርኩበት ዓመት፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ክሊኒካችን ግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። ቆፋሪው የመስቃን ሰው ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ የማያልቅበት። ሚስቱ ደግሞ አጠር ያለች፣ አፏ የሚቀድም ሴት ነበረች።

አንድ ቀን ቋጥኝ አስቸገረውና ይሰነጠቅልኛል ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ እሳት አነደደ። በማግስቱ ጭሱ መጥፋቱን አይቶ ወረደ። ከሥር የቀረው አየር ግን የሚተነፈስ አልነበረም። ጓደኞቹ ቢጠሩት ዝም አለ። ደግነቱ ወገቡ በገመድ ታስሮ ስለነበር ጎትተው አወጡት።

ሮጠን ስንደርስ ትንፋሽ የለውም፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። የጤና መኮንናችን ጎንደር ተምሮ የመጣ፣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ተንበርክኮ አፉን በአፉ ገጥሞ ይተነፍስለት ጀመር፤ እኔ ደረቱን እጫናለሁ። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ሰውየው በድንገት አየር ሳበ። ልቡም መምታት ጀመረ። እልል አልን። ቢሆንም አልነቃም። ብንጠራው፣ ብንቆነጥጠው፣ ምንም።

«አንጎሉ አየር አጥቶ ተጎድቷል፤ እናቀዝቅዘው» አለኝ መኮንኑ። «ገላው ሲቀዘቅዝ አንጎሉም የሚፈልገው አየር ይቀንሳል፤ ፋታ ያገኛል። ስማር አይቻለሁ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም።»

አንሶላ በውሃ ነክረን አለበስነው፤ በካርቶንም እናራግብለት ጀመር። ይሄኔ ሚስቱ እየሮጠች ገባች።

«ያ አላህ! የታመመ ሰው እርጥብ ይለብሳል? ጋቢ የላችሁም?»

«እህቴ፣ ሙቀት ይጎዳዋል» አላት መኮንኑ በትሕትና።

«እርስዎ ጌታዬ፣ ሲያምዎት እናትዎ ውሃ ይደፉብዎታል?»

መኮንኑ አንሶላውን እንደገና ነከረ። ከዚያ በኋላ እኔ ዞር ስል ጋቢ ታለብሰዋለች፤ ስመለስ እገፍፈዋለሁ። እሷ ስታለብስ እኔ ስገፍፍ ዋልን። የነከርነው አንሶላ ግን ወዲያው ይሞቃል። በረዶ ደግሞ በከተማው የለም፤ በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣችን ከክትባት መድኃኒት በቀር ሌላ አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከዘቢዳር ተራራ በኩል ጠቆረና ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ በረዶ ይወርድ ጀመር። መነጋገር እስኪያቅተን ድረስ አንኳኳው። ሴትዮዋ በሩን አየች፣ መኮንኑን አየች።

«እውነት ቅዝቃዜ ይበጀዋል?» ብላ ጮኸች።

«ያለኝ ተስፋ እሱ ነው!»

ሌላ አልጠየቀችም። ሳፋ አንሥታ ወጣች፤ በረዶው ራሷን እየደበደባት ታፍስ ጀመር። ያዩዋት የገበያ ሰዎች በቅርጫት፣ በባልዲ፣ በኮፍያ ሳይቀር እያፈሱ መጡ። በጨርቅ እየቋጠርን በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ አደረግንለት። ሲንቀጠቀጥ መኮንኑ የሚያረጋጋ መርፌ ወጋው። ቴርሞሜትራችን ከሠላሳ አምስት በታች አያነብም፤ ስለዚህ ከዚያ እንዳይወርድ አንዴ በረዶውን እናነሣለን፣ አንዴ እንመልሳለን። የተረፈውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ጥላ ሥር ቀበርነው። ጋቢውን አሁን እሷው ራሷ ከአጠገቡ አራቀችው፤ ልታለብሰው የመጣችውን አክስቱንም ተቆጥታ መለሰች።

በማግስቱ በረዶውን ትተን ቀስ በቀስ እንዲሞቅ አደረግነው። አንሶላው ገና አልደረቀም ነበር። ረፋዱ ላይ ጣቱን አንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ ዓይኑን ገለጠ። ከሥሩ ያለውን እርጥብ በእጁ ዳበሰና በተሰበረ ድምፅ፣

«ውሃው ወጣ እንዴ?» አለ።

ሚስቱ እያለቀሰች ሳቀች። «አንተ ነህ የወጣኸው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መኮንኑ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም።

ሰውየው ለጥቂት ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔንም በእህቱ ስም ሲጠራኝ ከረመ። በኋላ ግን ደኅና ሆነ። መኮንኑ፣ «በረዶው ይሁን የራሱ ጥንካሬ፣ እኔ አላውቅም» ሲል ሴትዮዋ ሰማችው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ያዳነው አላህ ነው። እናንተ ደግሞ አላስቸገራችሁትም።»

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቤታቸው ጠሩን። እነሱ ያረዱትን ሥጋ ክርስቲያኑ መኮንን እንደማይበላ ስለምታውቅ ቆጮ፣ አይብና በቅቤ የራሰ ጎመን አቀረበች። ጠግቤያለሁ ሲል አልሰማችውም፤ ሳህኑ በጎደለ ቁጥር ትሞላዋለች። ባልየው ከጎኑ ተቀምጦ፣ «ዝም ብለው ይብሉ ጌታዬ፤ እሷን ያሸነፈ እስካሁን አላየሁም» ይለው ነበር። ወደ ክሊኒክ ስንመለስ መኮንኑ መንገዱን ሁሉ ቀበቶውን ፈትቶ ሄደ።