አባቴ ያልተጠየቁበት ምክር

በ2014 ዓ.ም. በበጋ፣ ገብሱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አባቴን ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታቸው ወደ እንጅባራ ሆስፒታል አመጣናቸው። ምግብ እንቢ ካላቸው ሁለት ወር አልፎ ነበር። ተመስገን፣ አእምሯቸው ግን ሙሉ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ "የእኒህ አባት ወንድ ልጆች እነማን ናችሁ?" አለ። ሁለቱ ወንድሞቼ ወጡ። ሁለት ወር ሙሉ ያገላበጥኋቸውና ያጠብኋቸው እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ፤ እኔን የጠራኝ የለም። ሳልጠራ ተከትዬ ወጣሁ።

ሐኪሙ እንደነገረን፣ ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ አለ፤ ተሰራጭቷል። ባሕር ዳር ሄደው ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ መነሣታቸው ግን ያጠራጥራል። አለዚያም ማስታገሻ እየወሰዱ ቤታቸው ይሁኑ። "እናንተ ወስኑ" ብሎን ሄደ።

ታላቅ ወንድሜ ወዲያው መኪና ተከራየ። ተመልሶም በአዊኛ፣ "አባባ፣ ጨጓራ ነው አሉ። ነገ ባሕር ዳር ታይተው ይመለሳሉ" አላቸው።

"ለጨጓራ ነው ደጅ ወጥታችሁ የተማከራችሁ?" አሉ አባቴ። "ሳይጠየቅ ገበያ የሚነዳ በሬ ነው።"

ጎናቸው የተኛው በሽተኛ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ወንድሜን ጎትቼ አወጣሁት።

"ለምን ትዋሻቸዋለህ?"

"ድንጋጤው ይገድላቸዋል። ደግሞስ ሳያሳክም ገደላቸው ልባል ነው?"

"ለሰው አፍ ብለህ ነው ሆዳቸውን የምታስቀድደው?"

"እቴ፣ አንቺ ጸሎትሽን አድርሺ።"

ይህን ሲለኝ መታገሥ አቃተኝ።

"የሰፈሩን መርዶ ሁሉ ሲያረዱ የኖሩ ሰው ናቸው" አልሁት። "ጎሕ ሲቀድ በሰው ደጅ ቆመው የልጅ ሞት የተናገሩ ሰው፣ የራሳቸውን መስማት ያቅታቸዋል? ሳይናዘዙ፣ ሳይሰናበቱ እዚያ ቢያልፉ ማን ነው በነፍሳቸው የሚጠየቀው? አንተ?"

ፊቱን አዞረ። በራሴም ተናደድሁ፤ ሲዋሻቸው አጠገቡ ቆሜ ዝም ብያለሁና።

በማግስቱ ጧት ሐኪሙን በሩ ላይ ጠበቅሁት። "ዶክተር፣ ለእኛ ያሉንን ለእሳቸው ይንገሯቸው፤ እኔ በአዊኛ አስረዳለሁ" አልሁት። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እንቢ አላለኝም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኋቸው።



"ቤቴ ውሰጅኝ" አሉ አባቴ። "የንስሐ አባቴንም አስጠሪልኝ።"

ማስታገሻውን ተቀብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ለባሕር ዳር የቆመውን መኪና ሹፌር፣ ወደ ዘንገና እንዲያዞር ነገርሁት።