ሳይገጥሙ ሻምፒዮን

ወረርሽኙ ስታዲየሞችን ሲያዘጋ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው አጣና አሮጌ ነገር መቆፈር ጀመረ። በስደት ጻካኔ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር በከፈትኳት ስፓዛ፣ ማለትም የመንደር ሱቄ፣ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ የሰቀልኳት ቲቪ በየሳምንቱ የሀገሪቱን የራግቢ ሻምፒዮና አጀማመር ትተርክልን ነበር። ዋንጫው በመርከብ እንዴት እንደመጣ፣ መጀመሪያ ማን እንደወሰደው፣ ማን እንዳነሳው። ሰፈሩ የእግር ኳስ ሰፈር ነው፤ ከአንድ ሽማግሌ በቀር ጆሮ የሰጣት አልነበረም።

ሽማግሌው ከምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር የመጡ የኮሳ ተወላጅ፣ የሱቄ ጎረቤት ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ባባ» ይላቸዋል፤ እኔ ከፊቱ «አ» ጨምሬ «አባባ» አልኳቸው። ራግቢን ያስተማሩኝ በምሸጥበት መስኮት ፍርግርግ በኩል ነው። ዳቦ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው «የምትሮጠው ወደ ፊት፣ የምታቀብለው ወደ ኋላ» አሉና ከኋላቸው ለቆመችው ሴት ወረወሩላት። ተራራቁ የተባለው ሁሉ ያን ቀን ተረሳ።

አባታቸው በማዕድን ጉድጓድ እየሠሩ፣ ከነጮች ጋር መጫወት በተከለከለበት ዘመን ጥቁሮች ለብቻቸው ባቋቋሙት የሀገር ሻምፒዮና ተጫውተው ዋንጫ በልተዋል። ፎቶው አለ፤ ዋንጫውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። አባባ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ዓይናቸው ሳይከደን ያ ፎቶ በዚያ ፕሮግራም ሲታይ ማየት። የድሮ ፎቶ ያላችሁ ላኩልን ሲባል ልጃቸው በዋትስአፕ ላከችው።

መልሱ በድምፅ መጣ። ልጅቱ ስልኳን ወደ ፍርግርጉ አስጠግታ አሰማችን። ፎቶው ደስ ይላል፣ የኛ ፕሮግራም ግን ስለ ብሔራዊው ሻምፒዮና ነው፣ ይሄ ለባህል ዝግጅት ቢላክ ይሻላል ትላለች አንዷ የጣቢያው ሠራተኛ፣ ማር በተቀባ ድምፅ። አባባ ወተታቸውን ይዘው ሄዱ።

የኔ ደም ግን ፈላ። ሰዎቹ ራግቢ ተጫወቱ እንጂ መቼ ጨፈሩ? እኔ ሀገር ቤት አማርኛን ትምህርት ቤት የለመድኩ የደቡብ ልጅ ነኝ። በዚህ ቋንቋ መንደርህም ሀገር ነው፣ ጠቅላላውም ሀገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም። እዚያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ግን ሀገር ማለት እርስ በርስ የተጋጠሙ ጥቂት ነጮች ናቸው። ንግግሩን ደግሞ አውቀዋለሁ። የወረርሽኙ እገዳ በተጀመረ ሰሞን አንዱ ጎረምሳ «መከፈት ያለበት የሀገሬው ሱቅ ብቻ ነው» እያለ በሬን ሲደበድብ፣ ከገዢዎቹ ሰልፍ ወጥተው «ይሄ የኛ ሱቅ ነው» ያሉት አባባ ነበሩ። የሳቸውን አባት ከሀገር ሲያስወጡ እኔ ምን ብዬ ዝም እላለሁ?

ፎቶውን ከልጃቸው ተቀብዬ አሳተምኩና ቲቪዋ ሥር ለጠፍኩት። በሳምንቱ ፕሮግራሙ ሲጀምር ላጠፋው ሪሞቱን አነሳሁ።

«ተወው ልጄ» አሉ አባባ ከሰልፉ መሃል። «እንስማቸው።»

«ምኑ ይሰማል አባባ? ግማሹን ደብቀው እኮ ነው።»

«ይሁን፣ ተወው።»

አቅራቢው ስለ መጀመሪያው የሀገር ሻምፒዮን ያወራል፤ ከሥሩ አባትየው ዋንጫቸውን ታቅፈው ያዩናል። ላምባ ልትገዛ የመጣች ሴት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስታይ ቆየችና ወደ አባባ ዞረች።

«ባባ፣ ከነዚህና ከአባትዎ ቡድን ማን ይበልጥ ነበር?»

አባባ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይታወቅም» አሉ። «ፈርተው አልገጠሙንም።»