አባባ ኮታቸውን አያወልቁም

አባባ ገበሬ አይደሉም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ እስካሁን ዙሪክ ውስጥ የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

አባባ የምላቸው አያቴን ነው። ደሴ ከተማ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ውስጥ የወንድ ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አባቴ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥሎ ወጣ፤ እኛን ወደ እሱ ያመጣን ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዙሪክ ዳር ያለው ዜባህ ሰፈር ከመጣን ወዲህ አባባ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በመስኮት ትራም ሲቆጥሩ መዋል ሆነ ሥራቸው። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ በሰፈሩ የአረጋውያን ማእከል አትክልት የሚተክል ቡድን እንዳለ ነገረን። ለጉልበትም ለመንፈስም ይበጃል አለ። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለኝ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ዕለት አባባ ራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ተኩሰው፣ ከረባት አስረው ብቅ አሉ።

«አባባ፣ አፈር ልንነካ እኮ ነው!»

«ታዲያ የምንሄደው ሰው ዘንድ አይደለም እንዴ?»

ጫማቸውን ሲወለውሉ ካየሁ ወራት አልፎ ስለነበር ደስ አለኝና በሩን ከፈትኩላቸው።

የቡድኑ አስተባባሪ ወጣት ሴት ናት። ከሽማግሌ ጋር ስታወራ እንደ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ታጨበጭባለች። ክብ ሠርተን ቆምን። ከጎናችን ያለውን ሽማግሌ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀችው፤ ትራም ነጂ ነበር። ቀጥሎ ያለችውን አሮጊት ጠየቀቻት፤ ባንክ ነበር የምትሠራው። አባባ ጋ ስትደርስ ግን «እዚህ ደግሞ እውነተኛ ባወር አለን!» ብላ አጨበጨበች። ባወር ገበሬ ማለት ነው። ሌሎቹን ጠየቀች፣ ለአባባ ግን ነገረቻቸው! ደሜ ፈላ።

«ምን አለች?» አሉ አባባ።

«ገበሬ ነዎት አለች።»

«አክብራኝ ነው፤ ገበሬ መባል ስድብ ነው እንዴ?»

«ልብስ ሰፊ ናቸው ልበላት?»

«ተይ ልጄ፣ ሰው በመጀመሪያ ቀን አይታረምም።»

የኛ ሰው ይሉኝታ! እኔ ግን አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «አዎ፣ አዎ፣ ግን አፍሪካ ውስጥ ሁሉም ሰው ትንሽ ያርሳል» አለችኝ። መርካቶ የት ጋ ነው የሚታረሰው? ሚኒባሶቹ መሃል?

አባባ ችግኙን እንደ መርፌ በሁለት ጣት ይዘው ግራ ተጋብተው ሲቆሙ፣ እንዴት እንደሚተከል ያሳያቸው ትራም ነጂው ነው። አስተባባሪዋ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፈሩን በእጃችሁ ያዙ፣ አፈር ያረጋጋል አለች። ተረጎምኩ።

«እሱስ እውነቷን ነው» አሉ አባባ። «ከገባበት በኋላ የተረበሸ ሰው አላየሁም።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ትራም ነጂው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚተክሉት። አባባም ማክሰኞ ማታ ልብሳቸውን መተኮስ፣ ረቡዕ ጠዋት «ሰዓቱ አልደረሰም?» ማለት ጀመሩ።

ታዲያ ባቄላው አጥሩ ላይ መውጣት ሲጀምር አስተባባሪዋ ፎቶ አንሺ ይዛ መጣች። ለማእከሉ ማስታወቂያ ነው። ትራም ነጂውን እንደቆመ አነሱት። ለአባባ ግን አረንጓዴ ቱታ፣ የሣር ባርኔጣና መኮትኮቻ አቀረበችላቸው። «ኮታቸውን ያውልቁና ይህን ይልበሱ፤ እንደ አገራቸው» አለች።

እንደ አገራቸው! እንዳለችው ተረጎምኩላቸው። አባባ ቱታውን ተቀብለው ገለበጡና ስፌቱን አዩት።

«ክሩ ልል ነው» አሉ። ከዚያ በሥርዓቱ አጥፈው መለሱላት። «ንገሪያት። ሰው ዘንድ ስመጣ ኮቴን አላወልቅም። ካላወለቅህ አትመጣም የምትል ከሆነ ግን፣ ሶፋዬ አለልኝ።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። ዓይናቸው የሄደው ወደ ባቄላው ነበር። መልሰው ሶፋው ላይ ሊቀሩብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት፤ ሴትዮዋ ቀላች፣ ከፎቶ አንሺው ጋር ተንሾካሾከች፣ በመጨረሻ እሺ አለች። አባባ በኮታቸው ጎንበስ ብለው ባቄላ ሲያስሩ ፎቶ ተነሱ። እኔም አሸነፍን ብዬ ፈነደቅኩ።

ማስታወቂያው ትራም ፌርማታው ላይ ተለጠፈ። ትራም ነጂው ሙሉ ሰውነቱ፣ እስከ ጥርሱ ይታያል። የአባባ ግን አፈር የነካ ጥቁር እጅ ብቻ! ክንዳቸው መሃል ላይ ቆርጠዋቸዋል። እዚያው ቆሜ ጮህኩ። አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል። ሰው እንዴት ከነከረባቱ ተቆርጦ ይጣላል?

አባባ መነጽራቸውን አወጡና ወደ ፖስተሩ ተጠጉ። እጅጌውን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ «አንሺልኝ» አሉኝ፤ በስልኬ አነሳሁት። ጄኔቭ ከተማ፣ ሰርቬት ሰፈር ለምትኖረው አክስቴ፣ ለልጃቸው፣ አንድ ቃል ሳልጽፍ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ይሄ የአባባ እጅጌ አይደለም እንዴ? ፊታቸውን የት ጣሉት?»

«እኮ!» አልኩ፤ በመጨረሻ ከእኔ ጋር የሚናደድ ሰው አገኘሁ።

አባባ ስልኩን ነጠቁኝ። «ፊቴን ተይው፣ ታውቂው የለ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አየሻቸው? አራቱም በእጅ የተዘመዘሙ ናቸው! አገር ምድሩ እያያቸው ነው የሚያልፈው!»

ረቡዕ ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ለብሰው ሄድን። «ለዚያች ልጅ ንገሪያት» አሉኝ፤ «በሚቀጥለው ሲያነሱኝ ኮሌታውንም ያሳዩልኝ።»

ነገርኳት። «ከነፊታቸው» የሚለውን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።