የቅርፊት ንጹሕ እጅ

የሥራ ጓደኞቿ ስሟን ትተው «ቅርፊት» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት ከልጅነቷ ጀምሮ ክንዶቿንና እጆቿን የወረሰው፣ ሲያኩት እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚረግፈው የቆዳ ሕመሟ ነው። እርሷም ከሰው ቀድማ ትቀልድበት ነበር፤ መስታወት ስትቆርጥ ስባሪ ቢመታት «ጋሻዬን መች በሳውና» ትላለች። በመስታወት ቤቱ የእርሷን ያህል ቀጥ ያለ ጠርዝ የሚያወጣ እጅ አልነበረም።

ቆመው የሚደረደሩት ትልልቅ መስታወቶች በጠፍር ይታሰሩ ነበር። ማሰርና መፍታት ሥራ ያጓትታል ብሎ ኃላፊው ጠፍሩን አስፈታ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ አንዱ መስታወት ድምፅ ሳያሰማ ጋደል ብሎ ወርዶ ቀኝ ክንዷን ሰነጠቀው። ሐኪሙ የተቆረጡትን ነርቮች ሰፋ፤ እጇ ግን ሙቀትም መርፌም የማታውቅ ሆና ቀረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤተሰቡ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ከጠባሳው በታች የነበረው ቅርፊት ረገፈ፤ አዲስም አልበቀለም። ግራ እጇ እንደ ወትሮው ሲቀላና ሲደማ፣ ቀኟ የሕፃን ቆዳ ለበሰች። ልጇ እጇን በሳሙና ስታጥብላት ድንገት አቋረጠችና፣ «እማዬ፣ ይቺ የማን እጅ ናት?» አለቻት።

ሐኪሙ አልሸሸጋትም። ነርቭ ሕመምን ለአንጎል ከማድረስ ሌላ ከተውሳክ የሚከላከሉትን የሰውነት ዘቦች ወደ ቆዳ ይጣራል፤ በእርሷ ግን ዘቦቹ ተሳስተው የገዛ ቆዳዋን ይወጉ ነበር። ነርቩ ሲቆረጥ ጥሪው ተቋረጠ፤ ውጊያውም ቆመ። «ነርቩ መልሶ ካደገ በሽታውም ይመለስ ይሆናል» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽታዋን እንደ ዘመድ መንገድ መንገዱን እያየች ጠበቀችው።

አደጋውን የሚያጣሩ ሰዎች በመጡ ጊዜ ኃላፊው ከቤቷ አስጠርቷት ንጹሒቱን እጅ አንሥቶ አሳያቸው። እንደያዛት ያወቀችው በዓይኗ ነው። ፈገግ እንዳለ ጣቶቿን እስኪነጡ ጨመቃቸው። «እንኳን ልትጎዳ፣ ይኸው ከዕድሜ ልክ በሽታዋ ተገላገለች» አላቸው። እነርሱም አይተው፣ ተደንቀው፣ ጠፍሩ የት እንደ ገባ ሳይጠይቁ ሄዱ። ከእነዚያ የተማሩ ሰዎች መካከል አንዲት መርፌ አንሥቶ እጇን ለመውጋት የደከመ አልነበረም። ሬሳም እኮ አያሳክከውም።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ከጠባሳው በታች ቀይ ነጥብ ታየች፤ ውሎ አድሮም አሳከካት። ልጇ ቅባት ይዛ ስትሮጥ «ተይው ልጄ፣ ይምጣ» አለቻት፤ ታለቅስ ነበር። ቅርፊቱ የእጇን ጀርባ ተሻግሮ ከአውራ ጣቷ እስከ መሐል ጣቷ ዘለቀ። በየደረሰበት ሙቀት፣ ከሙቀቱም በኋላ ሕመም ተከተለ።

ወደ ሥራዋ ስትመለስ ኃላፊው በሩ ላይ እጇን አየና «አገረሸብሽ እንዴ? ደንበኛ ይሸሽብናል» ብሎ አሰናበታት። የሞተችውን እጅ «ዳነች» ብሎ የመሰከረው ያው አፍ፣ ነፍስ የዘራችውን «ታመመች» ብሎ አባረራት።

አልፋው ገባች። ጥግ ከተጣለበት ጠፍሩን አንሥታ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አሰረች። ሸካራነቱ ተሰማት፤ በሦስት ጣቶቿ ብቻ።

የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ዛሬም ንጹሐን ናቸው። ልጇ እጇን ስትይዝ እነርሱን ትዘላቸዋለች።